የማትቆለፈው ሰንጢ

ኪስህ ውስጥ ሰንጢ አለ? ካለ፣ ነፍሰ ገዳይ ለመባል ምን ጎደለህ? ጣትህ ላይ አንድ ቁስል፣ በላይህ ላይ ደግሞ አንድ ችኩል አዛዥ፤ ሌላ ምንም። ሁለቱ ከተገጣጠሙብህ አለቀልህ። ብትምል ብትገዘት፣ መሬት ላይ ብትንከባለል የሚሰማህ የለም።

የመጋዘኑ የፈረቃ አለቃ ሞቶ የተገኘው ጠዋት በሩ ሲከፈት ነው። ከጭነት ማራገፊያው አጠገብ፣ በማቀዝቀዣ ካርቶኖች መሃል፣ በጀርባው ተዘርሯል። የወፍራም የሥራ ጃኬቱ ግራ ደረት ደም ጠጥቶ ደርቋል። አንገቱ ላይ ፊሽካው እንደተንጠለጠለ ነው። በዚያ ፊሽካ ሰው ከሽንት ቤት ሳይቀር ያስወጣ ነበር፤ ሠራተኛው ስሙን ትቶ «ፊሽካ» እያለ የሚጠራውም ለዚህ ነው።

«ጠላት ነበረው?» አለች ኢንስፔክተሯ ከሬሳው ቀና ሳትል።

«ጠላቶቹ ቢሰለፉ ሰልፉ አስፋልት ይሻገራል» አለ ሳጅኑ። «ወዳጅ ነበረው ወይ ብለው ቢጠይቁኝ መልሱ ይቀለኛል።»

ኢንስፔክተሯ አልሳቀችም። በምርመራ ክፍሉ ከጀርባዋ «ክብሪት» ይሏታል፤ ቶሎ ትቀጣጠላለች፣ ስትቀጣጠልም ማዕረግ አትመርጥም። የዚያን ጠዋት ግን ገና አልተጫረችም። ከሬሳው ክርን ሥር አንዲት ሰንጢ አይታ ሳጅኑ በጓንት እንዲያነሳት አደረገች። እጀታዋ እንጨት ነው፤ ደም ለብሳለች። ስለቷ ተመልሶ እጀታው ውስጥ ገብቷል፤ የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው።

«የግራው ናት» አለ ከበሩ አጠገብ የቆመ ሽማግሌ ካርቶን ከፋች። ሁሉም «ፋዘር» ይሉታል። ቃሉ ካፉ እንደወጣ ከንፈሩን ነከሰ፤ ግን የወጣ ቃል አይመለስም።

ግራው፣ በግራ እጁ ስለሚሠራ ነው ስሙ፣ ያኔ ለሥራ እየገባ ነበር። ግራ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ከኋላው ደግሞ የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ካሜራ አስከትሎ ደረሰ። ሰንጢዋን ከነላስቲኳ ተቀብሎ አገላበጣት፤ ፊቱ በራ።

«መቆለፊያ የላትም!» አለ ወደ ካሜራው ዞሮ። «እንዲህ ያለች ሰንጢ ይዞ ሰው የሚወጋ፣ ስለቱ ይታጠፍና የራሱን ጣት ይቆርጠዋል። አንተ! ጨርቁን ፍታ!»

ግራው ፈታ። አራቱ ጣቶቹ በውስጥ በኩል በአንድ መስመር ተቆርጠዋል።

«ጌታዬ፣ ትናንት የላስቲክ ማሰሪያ ስቆርጥ ታጥፋብኝ ነው። የመድኃኒት ሳጥኑ ባዶ ሲሆንብኝ፣ ሰንጢዋን ጠረጴዛው ላይ ጥያት ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

«ማን አየህ?»

ግራው ዙሪያውን ቃኘ። «ፊሽካ አይቶኛል። ሂድ ያለኝ እሱ ነው።»

«ግሩም ምስክር!» አለ አዛዡ። ካሜራ የያዘው ልጅ ሳይቀር ሳቀ። «እንግዲህ ተነስቶ ይመስክርልሃ!»

ቀጥሎ ትእዛዙን ሰጠ። ቁስሉ ማስረጃ ነው። የዐቃቤ ሕጉ ኤክስፐርት መጥቶ እስኪያየውና ፎቶ እስኪያነሳው ማንም እንዳያጥበው፣ ማንም በፋሻ እንዳያስረው። ጨርቁን ራሱ ተቀብሎ ፖስታ ውስጥ ከተተ። ኢንስፔክተሯ ቆማ ታይ ነበር። ነገሩ ሳይጥማት፣ አፏን ለመክፈት ስታመነታ፣ ሰውዬውን ጭነውት ሄዱ።

አዛዡ በዚያው ቀን በቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ሌላ ሰንጢ በእጁ ይዞ፣ ስለት እንዴት ታጥፎ ጣት እንደሚቆርጥ አሳየ። ገበያ ላይ ቦርሳ እንደሚያሻሽጥ ሰው ሸጠው ነገሩን። ሕዝቡም ገዛ።

ጣቢያው በር ላይ አንዲት ሴት ፋሻና አልኮል በፌስታል ይዛ ቆማ ነበር። የግራው ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች «እታለም» ይላታል።

«ቁስሉን ልጠብለት ብቻ ነው» አለች ዘበኛውን። «ምግቡን ውሰዱት፣ ብርድ ልብሱን ውሰዱት። ልጠብለትና ልሂድ።»

«አይቻልም አልኩሽ እኮ እናቴ! ምን ሆነሻል? ማስረጃ ነው።»

«እጁ ነው» አለች ሴትየዋ።

ኢንስፔክተሯ ይህን ሰምታ ደረጃውን በሩጫ ወጣች።

«አንድ ፋሻ ነው የምጠይቅዎት» አለች አዛዡ ፊት ቆማ። «እጁ አብጧል።»

«ቁስሉ ጠገገ ማለት ማስረጃው ጠፋ ማለት ነው። ኤክስፐርቱ ይምጣ።»

«ኤክስፐርቱ ለመስክ ወጥቷል፤ መቼ እንደሚመለስ እንኳ አይታወቅም!»

«እንግዲያው ይታገሳል። የሞተውም ሰው ታግሷል።» አዛዡ መነጽሩን ወለወለ። «አንቺ ደግሞ ለሌባና ለገዳይ ሞግዚት አትሁኚ። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።»

ሄደች፤ ግን ወደ ሬሳ ክፍል ነው የሄደችው። አስከሬን መርማሪዋ ሐኪም የፊሽካን ጃኬት ዘርግታ ጠበቀቻት።

«የወጋው ስለት ቀጭን ነው» አለች። «ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ። ጃኬቱን ሳይቀድ፣ ሳያጨማድድ ነው ያለፈው። አንዴ ብቻ ወግቶ ልብ አግኝቷል። የተገኘችውን ሰንጢ ግን እስካሁን አላሳዩኝም።»

«ለምን?»

«ታሽጋለች ተባልኩ። ሲከፍቷት ደሟ እንዳይነካ ነው አሉ። አዛዡ በቲቪ ካሳዩን ምን ቀረ?»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ኢንስፔክተሯ መጋዘኑ ገባች። ካርቶን ከፋቾች በእረፍታቸው ሰንጢ ማወዳደር ልማዳቸው ነው፤ ሌላው ሰው ስለ ልጁ እንደሚያወራ እነሱ ስለ ሰንጢያቸው ያወራሉ። ፊሽካ ከሞተ ወዲህ ግን ሁሉም በየኪሱ ደብቆ፣ አቀርቅሮ ይበላል። አንድ ካርቶን ላይ ተቀመጠችና ከቦርሳዋ የራሷን አውጥታ መሃላቸው አስቀመጠች። የጣት ያህል ናት።

«የኔ ይቺ ናት።»

አንዱ በሳቅ ፈነዳ። «ኧረ እሜቴ፣ ይሄ የጥፍር መቁረጫ ነው!»

«በዚህ ነው ወንጀለኛ የሚያዘው?» አለ ሌላው። «አይ አገር!»

ሳቁ አፋቸውን ከፈተው። ሰንጢው ሁሉ ከየኪሱ ወጣ። አንዱ የራሱን ቀለበት አዞረና አሳያት። «ይቺን ስታዞሪያት ስለቱ ይቆለፋል፣ ጣትሽን አትነክስም። ክፋቷ ሁለት እጅ ትፈልጋለች።» ጎረቤቱ አጣጣለበት። «ሁለት እጅ ካስፈለገ ካርቶኑን በጥርሱ ሊይዘው ነው? የኔን እይ፣ ባንድ አውራ ጣት ጧ!» ሦስተኛው «ጧ ትላለች እንጂ መቼ ትቆርጣለች፣ ጠዋት ስለሃት ለምሳ ደንዛለች» አለ። ፋዘር የራሱን ዝም ብሎ ዘረጋ፤ የእንጨት እጀታ ያላት፣ መቆለፊያ የሌላት።

«የኔና የግራው አንድ ዓይነት ናቸው» አለ። «ስለቷ ስስ ነው፤ ቴፑን እንደ ቅቤ ነው የምትሄድበት። አይታጠፍብህም ወይ ይሉኛል። እኛ ወደ ራሳችን እየሳብን ነው የምንቆርጠው። ቁልፍ የሚያስፈልገው ለሚወጋ ሰው ነው።»

ኢንስፔክተሯ ሰንጢዎቹን ጎን ለጎን ደረደረቻቸው። እጀታቸው ይለያያል፣ ርዝመታቸው ይለያያል። አንድ ነገር ግን አንድ ነው። እየደጋገመች አየቻቸው።

«ጫፋቸው ምን ሆነ? ሁሉም ዱልዱም ናቸው።»

«እቃ እንዳይጭር ነዋ!» አለ ባለ ቀለበቱ። «ማቀዝቀዣ የጫረ በዚያው ቀን ይባረራል። አዲስ ሰው ሲገባ መጀመሪያ ሰንጢውን ተቀብለን ጫፉን በሞረድ እናዶለዱመዋለን። ስሙን የምንጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው።»

«የግራውስ?»

«እኔ ነኝ የሞረድኩለት» አለ ፋዘር።

ከዚያ በቀጥታ ማስረጃ ክፍል ሄዳ፣ ሐኪሟን ጠርታ፣ ሰንጢዋን አስከፈተች። ጫፏ እንደ አውራ ጣት ጥፍር ክብ ነው። በላቦራቶሪው ሳይከፍቷት መርምረው የሁለት ሰው ደም አግኝተውባት ነበር፤ ሲከፍቷት ግን የፊሽካ ደም ከላይ ተቀብቶ እንጂ ወደ ስለቱ ሥር አልዘለቀም። ሐኪሟ ያንኑ ዓይነት ጃኬት የጨርቅ ክምር ላይ አልብሳ፣ ያንኑ ዓይነት ሰንጢ ይዛ ወጋች። ጃኬቱ ተጨማደደ፣ ስለቱ ተንሸራተተ። ሁለተኛ ስትሞክር ሰንጢዋ ታጠፈችና ጓንቷን ቀደደች። የፊሽካን ደረት ልትበሳ ቀርቶ ልብሱን አልበሳችም።

አዛዡ ሁሉንም ሰማ፤ ሰምቶም ትከሻውን ነቀነቀ።

«ጉልበት ያለው ሰው ይበሳዋል። ቴሌቪዥን ላይ ምን ብዬ ልቅረብ? ተሳስቻለሁ ልበል? ሌላ ሰው አምጪልኝ፣ ያኔ እለቀዋለሁ።»

«እስከዚያ ቁስሉ ይታጠብለት!»

«ኤክስፐርቱ ይምጣ አልኩሽ።»

ወደ እስር ክፍሉ ወረደች። ግራው ግድግዳ ተደግፎ ይንቀጠቀጣል። እጁ እንደ ዳቦ ተነፍቷል፤ ከክርኑ በታች ቀይ መስመር ወጥቷል፤ ይሸታል። ዘበኛው አጠገቡ ላለመቀመጥ ወንበሩን ወደ ኮሪደሩ አውጥቷል።

«እህቴ፣ ሥራዬን ሌላ ሰው ያዘው?» አላት። የጠየቃት ይህንኑ ብቻ ነው።

ሌላ ሰው። ማን? በመጋዘኑ ሹል ሰንጢ ያለው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ሁሉም ነገራት፤ ካርቶን የማይከፍተው የፎርክሊፍት ሹፌር፣ «ክሬን» የሚሉት ግዙፍ። ፊሽካንም በሕዝብ ፊት አንገቱን አንቆት ነበር። ሳጅኑ ይዞት መጣ። ክሬን ሳያቅማማ ሰንጢዋን ከሱሪ ኪሱ ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ጣላት። ጥቁር ናት፣ የምትቆለፍ፣ ኪስ ከንፈር ላይ የሚያያይዛት ብረት መቆንጠጫ ያላት።

«አንቀኸዋል» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አንቄዋለሁ። ባለፈው መደርደሪያ ወድቆ አንዲት አሻጊ ሠራተኛ ስትሞት፣ በፎርክሊፍት ገጭተህ የጣልከው አንተ ነህ ብሎ ከሰሰኝ። አነቅኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀሰ!» ክሬን ጠረጴዛውን ደበደበ። «መደርደሪያው ዘሟል፣ ሰው ይገድላል ብዬ ለሥራ አስኪያጁ ነግሬው ነበር፤ ዝም ብለህ ጫን አለኝ ብሎ አለቀሰ። ለሠራተኛ ጉዳይ መርማሪዎች ይህንኑ ሊናገርልኝ ምሎልኝ ነበር። እኔ ልገድለው? እሱ ሲሞት የሞትኩት እኔ ነኝ! ማን ያወጣኛል አሁን?»

ሐኪሟ ሰንጢዋን ለካቻት። ስለቱ ከቁስሉ እጥፍ ይሰፋል። ክሬን አልገደለም። ተነስቶ ሲወጣ ግን የኢንስፔክተሯ ዓይን ሱሪው ላይ ቀረ። መቆንጠጫው ይሰካበት የነበረው የኪሱ ከንፈር ተልጦ ክሩ ወጥቷል፤ የጣት ስፋት ያለው ነጭ ጭረት።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ሽቶ ይሸታል። ጫማውን ያየ ፊቱን ያይበታል። ለኢንስፔክተሯ ወንበር ሳበላት።

«ምስኪን ሰው ነበር» አለ ስለ ፊሽካ። «ማንም አይወደውም ነበር እንጂ።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«በጊዜ ወጥቼ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴን ጠይቂያት።»

«ሰንጢ ይይዛሉ?»

«እኔ?» ሳቀ። «እመቤቴ፣ እኔ ካርቶን ከፋች ነኝ እንዴ? በሕይወቴ ይዤ አላውቅም።»

ሊሸኛት ተነሳ። የሱፍ ሱሪው ቀኝ ኪስ ከንፈር ላይ፣ የጣት ስፋት ያለው፣ ክሩ የወጣ ጭረት አለ። አመስግናው ወጣች። ደረጃውን ወርዳ በቀጥታ ወደ ቤቱ ሄደች።

ሚስቱ በረንዳው ላይ ዝናብ የዘነበባቸውን የአበባ ማሰሮዎች ታነሳለች። ጨዋ፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ሴት ናት።

«በጊዜ ነው የገባው» አለች፣ እንደተነገራት። «ሳይመሽ። አብረን ነበርን።»

«አመሰግናለሁ። ይህን ለማረጋገጥ ነው የመጣሁት።»

ሴትየዋ ነገሩ በዚህ ማለቁን አይታ ተነፈሰች። ልትሸኛት ስትነሳም ለወግ ያህል ጠየቀች።

«ሰንጢዋንስ አገኛችሁለት?»

«የትኛዋን?»

«ልጃችን የሰጠችውን ነዋ፣ ቀጭኗን። ከኪሱ ለይቷት አያውቅም። መጋዘን ውስጥ ጣልኳት ብሎ ያን ቀን እኮ እሷን ሲፈልግ ነው ያመሸ…»

ቃሉን አልጨረሰችውም። እጇ አፏ ላይ ቀረ። ኢንስፔክተሯ ማሰሮዎቹን አየች፣ ሴትየዋን አየች፤ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ተመለሰች።

ከሬሳው አጠገብ የነበሩትን ካርቶኖች ሁሉ አስከፈተች። አንዱ ላይ ቴፑ ተነስቶ እንደገና ተለጥፏል። በውስጡ፣ በማቀዝቀዣው እግር ሥር፣ እንደ ቅጠል የቀጠነች ሰንጢ ተኝታለች፤ ጫፏ እንደ መርፌ። ከሰዓት የሚጭናት መኪና በር ላይ ቆሞ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሰንጢዋን ጠረጴዛ ላይ ሲያያት አልካደም። የተበሳጨ ሰው እንጂ የተጸጸተ ሰው አልመሰለም።

«እለምነዋለሁ ብዬ ነው የጠራሁት» አለ። «መደርደሪያው ደህና ነበር በል፣ ምን ይጎዳሃል? አልኩት። እምቢ አለ። ያ ሁሉ ዘመን ለሠራተኛ ያላዘነ፣ ለሞተች ሴት ልዘን አለ!»

«የግራው ሰንጢስ?»

«ጠረጴዛ ላይ ደም ነክቷት ተቀምጣለች። ሌላ ደም ብጨምርባት ማን ይለየዋል? እዚያው አጠገቡ ወረወርኳት። የአዛዡንማ ሐሳብ እኔም አላሰብኩትም። ቲቪ ሳይ ተገረምኩ።»

«ጫፏን አይተሃል?»

«ጫፏ ምን ሆነ?»

ያን ያህል ዘመን ካርቶን ከፋቾች ራስ ላይ ተቀምጦ፣ የሚሠሩበትን ብረት አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ አላየም። ኢንስፔክተሯ መልስ አልሰጠችውም። ሳጅኑን በዓይኗ ጠቅሳ ወደ እስር ክፍሉ ሮጠች።

ባዶ ነው። ግራው ራሱን ስቶ ሆስፒታል ወስደውታል።

አልጋው አጠገብ እታለም ቁጭ ብላለች፤ ፌስታሉ አሁንም ጭኗ ላይ ነው፤ ፋሻው አልተፈታም። የግራው ግራ ክንድ ከክርኑ በታች የለም።

«ትናንት ቢመጣ ጣቶቹን እንጂ ክንዱን፣ ከትናንት ወዲያ ቢመጣ ደግሞ ምንም አንቆርጥም ነበር አሉኝ» አለች እታለም። አላለቀሰችም። «አንድ ጠርሙስ አልኮል ነበር የያዝኩት።»

ከኢንስፔክተሯ ኋላ የጣቢያው ጸሐፊ ገባ፤ ነጻ መለቀቁን የሚገልጽ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ።

«እዚህ ላይ ፈርም፣ ወንድሜ። ተለቀሃል።»

ግራው እስክሪብቶውን አየ፤ ከዚያ ጸሐፊውን።

«በየትኛው እጄ?» አለ።

ኤክስፐርቱ እስከመጨረሻው አልመጣም።

አዛዡ መግለጫ የጠራው በማግስቱ ነው። አዳራሹ በጋዜጠኛ ሞልቷል። «በፖሊሳችን ብርቱ ክትትልና በተራቀቀ የምርመራ ጥበብ እውነተኛው ገዳይ በቁጥጥር ሥር ውሏል» አለ። ጭብጨባ ተጨበጨበ። ስለ ግራው ያነሳ የለም። ከኋላ ወንበር ኢንስፔክተሯ ተነሳች፤ ከጎኗ እታለም ነበረች።

«ጥያቄ አለኝ።»

«ጥያቄ የጋዜጠኞች ነው» አለ አዛዡ ፈገግ ብሎ።

«ዛሬ የኔም ነው። የቆሰለ ሰው እጁ እንዳይታጠብ፣ በፋሻ እንዳይታሰር ማን አዘዘ?»

ካሜራዎቹ ዞሩ።

«ይሄ የውስጥ ጉዳይ ነው። ቢሮ እንነጋገራለን።»

«ቢሮ ነግሬዎታለሁ፤ ቢሮ መልስ የለም። ሰንጢዋ ጃኬት እንደማትበሳ ካወቁ በኋላስ ትእዛዙን ለምን አላነሱም?»

«ተቀመጪ! ይሄ ትእዛዝ ነው!»

«አልቀመጥም። ትእዛዙ ሲሰጥ ቆሜ አይቻለሁ፤ ተራዬ ሲደርስ ስለ ዝምታዬ እመልሳለሁ። አሁን ተራው የእርስዎ ነው።» ድምጿ ግድግዳውን መታ። «እህቱ ይቻትና። ዓይኗን እያዩ፣ ማይኩን ሳያጠፉ፣ አገር እየሰማ ይንገሯት፦ የወንድሟን እጅ ማን ነው ያስቆረጠው? ስሙን ይጥሩ!»